ናናውን ማን ያጠጣዋል?

ዛሬ ስለ ትልቅ ነገር አልጽፍም። ስለ ፖለቲካም፣ ስለ ኳስም፣ ስለ ዶላርም አይደለም። ስለ ናና ነው። አዎ፣ ስለዚያ ሻይ ላይ ጣል ስለሚደረገው ቅጠል። «ርእስ ጠፍቶ ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግን ታገሡኝ። ናናውን ተከትለን ስንሄድ የምንደርሰው ጀሪካን ጋ ነው፤ ከጀሪካኑ ሥር ደግሞ ጎንበስ ብላ የምትሄድ አንዲት እኅት አለች። እሷ ጋ ስንደርስ ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ ታዩታላችሁ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ናና የሚተክል ሰው በገዛ እጁ ያጠጣው፤ የሚያጠጣውም ቤት ውስጥ አንዴ ባገለገለ ውሃ ይሁን። በቃ፣ ይኸው ነው። የተስማማችሁ ወደ ሥራችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ያልተስማማችሁ ግን ቁጭ በሉ፤ ሻይ እናፍላ።

መትከል ደስ ይላል

እኛ መትከል የምንወድ ሕዝብ ሆነናል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ አካፋ ይነሣል፣ ካሜራ ይነሣል፣ ችግኝ ይተከላል። መተከሉን የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላውም። የተራቆተ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ችግኝ ሲተከል ቢቃወም ጤናውን ማየት ነው።

ነገር ግን አስተውላችሁ ከሆነ፣ የተተከለው ይቆጠራል፣ የጠጣው አይቆጠርም። በሐምሌ ሰማዩ ራሱ ያጠጣል፤ ችግሩ የሚመጣው ጥቅምት ሲገባ ነው። ጥቅምት ላይ ካሜራ የለም። የካቲት ላይማ ችግኙ የተተከለበትን ጉድጓድ የሚያስታውስም የለም። ሲተክሉ የተነሡት ፎቶ ግን አሁንም ስልክ ውስጥ አረንጓዴ እንደሆነ ነው።

የዛፍ ክፋቱ (ወይም ደግነቱ) ታጋሽ መሆኑ ነው። ቸልታችንን ቶሎ አያጋልጥም። ስንረሳው ዝም ብሎ ይጠወልግና፣ ከወራት በኋላ «ፍየል በላው» እንላለን። ናና እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። በዋጃ የሚያዝያ ፀሐይ ሥር ትንሽ ጣሳ ውስጥ የተተከለ ናና ሁለት ቀን ከተረሳ አንገቱን ይደፋል። «ማን ነው የሚያጠጣኝ?» የሚለውን ጥያቄ በዚያው ሳምንት ይጠይቃል። እኔ ናናን የምወደው ለሽታው ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ግልጽነቱም ጭምር ነው።

ዋጃና ጎርፉ

ዋጃን ለማታውቁ፦ ከወልድያ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ስትሄዱ፣ ቆቦን አልፋችሁ አላማጣ ሳትገቡ የምታገኟት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ ትልቁ የተራራ ግድግዳ፣ በስተ ምሥራቅ የእነ ዞብል ተራሮች፣ መሐሉ ደግሞ የራያ ሜዳ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ሙቀቱን እንግዲህ የቀመሰ ያውቀዋል። ክረምቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይጨመቃል። በልጉ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል።

የዚህ ሜዳ ገበሬ ግን ደመና ብቻ ሲያይ የኖረ አይደለም። ከተራራው እየደነፋ የሚወርደውን ጎርፍ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ አጥር ከመንገዱ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል። ዝናቡ እዚህ ሳይዘንብ፣ ተራራ ላይ የዘነበው መጥቶ እዚህ ማሽላ ያበቅላል ማለት ነው። እነ ጎሊናና ሆርማት በዚህ የሚታወቁ ወንዞች ናቸው። ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ደለልም ለመሬቱ ማዳበሪያ ነው። ከላይ ያለው ማሳ ከጠጣ በኋላ ለታችኛው ይለቀቃል፤ ተራና ሥርዓት አለው። ሌላው ሰው ከፊቱ የሚሸሸውን ጎርፍ ራያ በእጁ ይዞ ወደ እርሻው ይመራዋል። ይህ ትልቅ እውቀት ነው፤ ከትምህርት ቤት የመጣም አይደለም።

ኋላ ደግሞ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ተገኘ። የቆቦ-ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሮ፣ በጠብታና በርጭት መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲለማ አይተናል። የጠብታ መስኖ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ውሃውን ሜዳ ላይ አትልቀቀው፤ ሥሩ ያለበት ቦታ ጠብ ጠብ አድርግለት። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ በሃይላንድ ጠርሙስ እንመለስበታለን።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የሚገርመኝ። ከተራራ የሚወርድ ጎርፍ ጠልፎ የሚያጠጣ ሕዝብ፣ ቤቱ ውስጥ በየቀኑ የሚያልፈውን ጎርፍ ዝም ብሎ ይደፋዋል። የቤት ጎርፍ ማለቴ እጣቢውን ነው። ጎመን የታጠበበት፣ ሩዝና ምስር የተለቀለቀበት፣ ሲኒ የተዘፈዘፈበት፣ ከምግብ በፊት እጅ ላይ የፈሰሰው ውሃ። በሩ ላይ ወጥተን «ዞር በሉ!» ብለን አቧራው ላይ እንረጨዋለን። አቧራው ለአምስት ደቂቃ ዝም ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል።

«ሰው ሳይጠጣ ናና?»

አሁን ትክክለኛው ተቃውሞ ይምጣ። «ወንድሜ፣ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ታውቃለህ? ውሃ በጀሪካን እየተገዛ፣ በአህያ ጋሪ እየተጓዘ፣ አንተ ስለ ናና ታወራለህ?» የሚል። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው። የሚጠጣ ውሃ ባጣ ቤት ውስጥ ንጹሕ ውሃ ለናና መስጠት ቅንጦት ነው። ከዚያም አልፎ በደል ነው። ለምን በደል እንደሆነ ልንገራችሁ።

በአብዛኛው ቤታችን ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? እናት፣ እኅት፣ ወይም ዘመድ ተብላ ከገጠር የመጣች ልጅ። 20 ሊትር የሚይዘው ቢጫ ጀሪካን ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ጀርባዋ ላይ አዝላ የመጣችውን ልጅ አስቡ። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ አንድ ቀን ተነሥቶ «ግቢውን አረንጓዴ አደርጋለሁ» ብሎ አሥር ጣሳ ናና ይተክላል። ጎረቤት ያደንቀዋል። «እንዴት ያለ ልጅ ነው!» ይባላል። ከሳምንት በኋላ ግን ሱቅ ጋ ቆሞ ሲያወራ፣ ናናውን የምታጠጣው ማን ናት? ያቺው ልጅ ናት። ትናንት ሁለት ጀሪካን ትቀዳ የነበረች ዛሬ ሦስት ትቀዳለች። እሱ ተክሏል፤ እሷ ተሸክማለች።

ስለዚህ «ናና ትከሉ» ብዬ ብቻ ብጽፍ ኖሮ፣ በተዘዋዋሪ «እኅታችሁን አንድ ጀሪካን ጨምሩባት» ማለቴ ነበር። ያን አልልም። የምለው፦ ናናው ከጀሪካኑ ድርሻ የለውም። ድርሻው ከጀሪካኑ የወጣው ውሃ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። እጣቢውንም ከማጠቢያው ወደ ጣሳው የሚወስደው የተከለው ሰው ነው። ይህን ሕግ የማይቀበል ሰው ናና ባይተክል ይሻላል። ሱቅ ሄዶ የታሸገ ሻይ ይግዛ፤ ማንም አይወቅሰውም።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቤት በቀን 3 ሊትር ደህና እጣቢ ቢያተርፍ በወር 90 ሊትር ይሆናል። ይህ አራት ጀሪካን ተኩል ነው። በየወሩ አራት ጀሪካን ተኩል ተሸክመን አምጥተን አቧራ ላይ እየደፋን ነበር ማለት ነው። በሦስት ሊትር ሦስት አራት ጣሳ ናና በሙቀቱም ወራት ያለ ችግር ያድራል።

እንዴት ይደረግ?

ምክር ብቻ አብዝቶ መሄድ ስለማልወድ፣ አሠራሩን በተራ በተራ ልናገር። እርሻ ለሚያውቁ ወገኖቼ ቀላል ነው፤ እንደኔ በኪራይ ቤት ደረጃ ላይ ለሚያርሱ ግን ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ዘር አትፈልጉ። ናና ያለው ሰው ፈልጉ። አንድ ስንዝር የምትሆን ዝንጣፊ ከአንጓዋ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁሟት። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ፤ ይበሰብሳል። ብርጭቆው ብርሃን ያግኘው እንጂ ፀሐይ አይምታው። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ለውጡ። በአንድ ሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጫጭ ሥር ታያላችሁ። ይህችን ሥር ሲያይ ደስ የማይለው ሰው አላጋጠመኝም።

ሁለተኛ፣ ዕቃ ለይታችሁ ትከሉ። ናና ከመሬት በታች ግንዱን እየላከ የሚዛመት ተክል ነው። እርጥበት ካገኘ ጎረቤቱን አያስቀምጥም፤ ከበሶብላ ጋር አንድ ላይ ተክላችሁት ከሆነ በሶብላው ምን እንደደረሰበት አይታችሁታል። ስለዚህ ለብቻው፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ወይም በአሮጌ ባልዲ ይተከል። ስፋቱም ጥልቀቱም ከአንድ ስንዝር አይነስ። ከሥሩ ሦስት አራት ቦታ ብሱት። ያልተበሳ ዕቃ ናናውን ያሰጥመዋል።

ሦስተኛ፣ አፈሩ። የእኛ ሜዳ ጥቁሩ ዋልካ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ስንጥቅጥቅ ነው፤ ለብቻው ጣሳ ውስጥ ከገባ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ከደረቀ ወንዝ የመጣ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ ቀላቅሉ። «የበሰለ» ያልኩትን ልብ በሉ፤ ትኩስ እበት ሥሩን ያቃጥለዋል።

አራተኛ፣ ቦታው። መጽሐፉ «ናና ፀሐይ ይወዳል» ቢላችሁ፣ መጽሐፉ የተጻፈው ቀዝቃዛ አገር እንደሆነ አስታውሱ። በቆላ ናና የሚመቸው የጠዋት ፀሐይና የቀትር ጥላ ነው። ከቤቱ በስተ ምሥራቅ በኩል ግድግዳው ሥር ብታስቀምጡት ቤቱ ራሱ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይሆነዋል። ፍየልና ዶሮ ባለበት ግቢ ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት ወይም ስቀሉት።

አምስተኛ፣ ማጠጣቱ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ አንድ አንጓ አስገቡ። ከረጠበ ተዉት፤ ከደረቀ አጠጡት። ሰዓቱ ጠዋት ማለዳ ወይም አመሻሽ ነው። ውሃው ቅጠሉ ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ ይፍሰስ። ቀን ከቤት የምትውሉ ከሆነ ሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ ብሱና፣ ውሃ ሞልታችሁ አፉን ወደታች አፈሩ ውስጥ ሸጉጡት። ቂጡንም በትንሹ ቀዳ አድርጉለት፣ አየር ይግባ። ይኸው የቆቦ-ጊራና ጠብታ መስኖ በኪራይ ቤት ደረጃ ላይ!

ስለ እጣቢው ግን ጥንቃቄ አለ። ኦሞ፣ በረኪና፣ ዘይትና ጨው የነካው ውሃ ለናና አይሆንም፤ ድንች በጨው የተቀቀለበትንም አትስጡት። ትኩስ ከሆነ ይቀዝቅዝ። ጥሬ ሥጋ የታጠበበት፣ የሕፃን ጨርቅ የታጠበበትም ቅጠሉ ከሚበላ ተክል አጠገብ አይድረስ። እጣቢውን ደግሞ ለነገ ብላችሁ አታሳድሩት፤ ይሸታል፣ ክፍት ውሃም የትንኝ ቤት ነው። የራያ ቆላ የወባ አገር መሆኑን አንርሳ። የዕለቱን ለዕለቱ! ቅጠሉን ስትቀጥፉም ከመጠቀማችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ እጠቡት። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም፤ ታይፎይድና አሜባ አይታዘዙም።

ስድስተኛ፣ መቁረጡ። ብዙ ሰው ናናውን ስለሚያዝንለት አይቆርጠውም። ስሕተት ነው። ናና ሲቆረጥ ከአንጓው ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ካልተቆረጠ ወደ ላይ ተመዝዞ ያብባል፣ ጣዕሙም ይቀንሳል። አንድ ስንዝር ሲሞላ ጀምሩ፤ በአንድ ጊዜ ግን ከሲሶው በላይ አትውሰዱ። ካበበ ደግሞ ለንብ ትንሽ ትታችሁለት፣ ቀሪውን ሦስት ጣት ያህል አስቀርታችሁ ከልክሉት። ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ዕቃው በሥር ሲሞላ አውጡና ለሁለት ለሦስት ክፈሉት፤ አንዱን በአዲስ አፈር መልሱት፣ የቀረውን ስጡ።

ሰባተኛ፣ በሽታው። ክሽክሽ ከወጣበት በውሃ ጠንከር አድርጋችሁ አራግፉት። በደረቁ ወራት ቅጠሉ ነጠብጣብ እየሆነ ከሥሩ ቀጭን ድር ካያችሁ፣ ያም ጥቃቅን ተባይ ነው፤ የቅጠሉን ጀርባ እጠቡት፣ ጥላውንም ጨምሩለት። ቅጠሉ ከጀርባው ብርቱካናማ ዱቄት መሰል ነገር ካወጣ ግን ዋግ ነው፣ የስንዴው ዋግ ዘመድ። ያኔ እስከ መሬት ቆርጣችሁ ቅጠሉን አቃጥሉት፤ ለጎረቤትም ዝንጣፊ አትስጡ። መርዝ አትርጩ። ነገ ሻይ ውስጥ የምትጨምሩት እናንተው ናችሁ።

ለምን ናና?

«በሶብላ አለ፣ ጤና አዳም አለ፣ ጠጅ ሳር አለ፤ ምን በወጣው ናና?» ትሉ ይሆናል። እነሱም ይተከሉ። የእናቶቻችን ጓሮ ያለ ጤና አዳምና ያለ በሶብላ ጓሮ አይባልም ነበር። ናና ግን አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ስሙ ከዐረቦቹ «ነዕናዕ» ጋር የሚገጥመው ይህ ተክል ብዙ ዓይነት ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ፣ ያ አፍ የሚያቀዘቅዘው ጠንካራው፣ ከሁለት ናናዎች የተዳቀለ ስለሆነ ራሱን በዘር አይተካም። እንደ በቅሎ በሉት። ሌሎቹም ቢሆኑ ከዘር ሲበቅሉ እናታቸውን ላይመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ የናና ዕድሜ በሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ነው። ዛሬ ብርጭቆዬ ውስጥ ያለው ናና፣ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ቆርጦ ሲሰጥ፣ ያም ለሌላው ሲሰጥ እዚህ የደረሰ ነው። መሐል ላይ አንድ ስስታም ቢገባ ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው ተራ ወሬ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ኋላም በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ጦርነቱ በአላማጣና በቆቦ መንገድ ሲመላለስ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ልብስ ይሸከሙታል፤ ልጅ ያዝሉታል፤ ጓሮ ግን አይሸከሙትም። ሰው ሲመለስ ግድግዳ ይጠግናል፣ በር ያስገጥማል። የደረቀን ጓሮ ግን ገበያ ወጥቶ አይገዛውም፤ ጎረቤቱ ጋ ሄዶ «እስቲ አንድ ዝንጣፊ» ይላል። ያ ጎረቤት ካለው ይሰጠዋል። የአንዱ ጓሮ የሌላው ጓሮ መጠባበቂያ ነው። ባንክ ብላችሁ ብትጠሩትም አልቃወምም፤ ወለድ የማይጠይቅ፣ ዋስ የማይፈልግ ባንክ ነው።

ስለዚህ ናና መስጠትን ልማድ እናድርገው እላለሁ። አዲስ ቤት ለገባ ሰው፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ከስደት ለተመለሰ ጎረቤት፣ ከስኳሩና ከለስላሳው ጋር አንድ ሥር ያወጣ ናና በጣሳ ይዘን ብንሄድ ምን ይለናል? ስኳሩ በሳምንት ያልቃል። ናናው ካጠጡት አያልቅም።

ትምህርት ቤቶቻችንም ቢያስቡበት እወዳለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ጣሳ ናና ቢይዙና፣ ነጥቡ በተከሉ ቀን ሳይሆን ከሦስት ወር በኋላ ቢሰጥ፣ ያኔ ስለ መትከል ብቻ ሳይሆን ስለ መንከባከብም ተማሩ ማለት ይቻላል። ወንዶቹ ልጆች ጣሳውን ለእኅታቸው እንዳይሰጡ ግን አደራ!

የምርምር ቤቶችም አሉን። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ናናን ጨምሮ ይሠራል። ለእኛ የሚቀርበው የሲሪንቃው ማዕከል ደግሞ ለዚህ ቆላ ማሽላ ብዙ ደክሟል። የጓሮውም ነገር ከማሽላው አጠገብ ትንሽ ቦታ ቢያገኝ ጥሩ ነበር። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» ሲጀመር የዶሮው፣ የእንቁላሉ፣ የወተቱና የማሩ ነገር በሰፊው ተነገረ። መልካም ነው። ነገር ግን ሌማቱ ከመሙላቱ በፊት ውሃውን ማን እንደሚሸከም የሚጠይቅ አንድ መስመር በየዕቅዱ ውስጥ ቢገባ፣ ብዙ ዕቅድ መልኩ ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሻዩ ፈላ

በመጨረሻ፣ ናናውን ለምን እንደተከልነው አንርሳ። ሰባት ስምንት ቅጠል ታጥቦ፣ በእጅ ትንሽ መታ ተደርጎ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፤ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ ይከደናል። አምስት ደቂቃ። ሻይ ቅጠል መጨመር የፈለገ ይጨምር፤ ስኳሩ እንደየቤቱ ነው። ከከባድ ምግብ በኋላ ሆድን ቀለል ያደርጋል። ቃር የሚያስቸግራችሁ ግን ቀነስ አድርጉት፤ ሊያባብሰው ይችላል። ሕፃን ልጅ አፍንጫ ሥር የናና ዘይት መቀባት ደግሞ አደጋ ስላለው ይቅር። ናና ቅጠል ነው፣ ሐኪም አይደለም።

ብርጭቆውን ስታነሡ አንድ ጥያቄ ብቻ ለራሳችሁ ጠይቁ፦ ይህን ናና ማን አጠጣው? መልሱ «እኔ» ከሆነ፣ ይጣማችሁ። መልሱ «እኅቴ፣ ቀድታ ባመጣችው ውሃ» ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእሷ ስጧትና ጣሳውን ከነገ ጀምሮ ራሳችሁ ተረከቡት። መልሱ «እንጃ» ከሆነ ግን ወንድሜ፣ አብሽር፤ እንዲህ ከቀጠለ ናናው ራሱ በሁለት ቀን ውስጥ ይነግርሃል።

ቸር ይግጠመን!